የአውስትራሊያ ፉቲ የክፍለ ሀገር ታሪክ፦ ቤንዲጎ ወይስ ኦቨንስ ኤንድ መሪ?

ፉቲ የሚባለው የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው፤ ታሪኩን በድሮ ጋዜጦች ለማንበብ ከየትኛው ሊግ እንደምትጀምሩ ላወዳድርላችሁ። ሁለቱም የአውስትራሊያ ግዛት በሆነችው ቪክቶሪያ ውስጥ የተነሱ የቆዩ ሊጎች ናቸው፣ ግን አጀማመራቸው በጣም ይለያያል።

ዕድሜ፦ ቤንዲጎ በ1880 ነው የጀመረው፣ የሜልበርኑ ትልቁ ሊግ ቪኤፍኤል እንኳ በ1897 ነው የመጣው! ኦቨንስ ኤንድ መሪ ደግሞ 1893።

ቦታው፦ ቤንዲጎ የወርቅ ከተማ ናት፣ ባቡር ከሜልበርን በ1862 ገብቶላታል፣ እንደ ሳንድኸርስትና ኢግልሆክ ያሉ ክለቦችም እዛው ጎረቤት ናቸው። ኦቨንስ ኤንድ መሪ ግን መሪ የሚባለውን የድንበር ወንዝ ተሻግሮ ነው፣ ራዘርግሌን ከተማ ቪክቶሪያ ውስጥ፣ ኮሮዋና ኦልበሪ ከተሞች ደግሞ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ ናቸው፣ ቪክቶሪያና ኒው ሳውዝ ዌልስ እስከ 1901 ድረስ ሁለት የተለያዩ ቅኝ ግዛቶች ነበሩ፣ ድንበሩ ላይ ቀረጥ ይከፈል ነበር። እኔን በጣም የሚገርመኝ ሊጉ በተመሰረተበት በ1893 ቅኝ ግዛቶቹ አንድ ይሁኑ የሚል ትልቅ ጉባኤ እዛው ኮሮዋ መደረጉ ነው፣ ይሄ በደንብ መነገር ያለበት ታሪክ ነው።

ወጪ፦ እኩል ናቸው፣ የድሮ ጋዜጦች ትሮቭ በሚባለው የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባሉ።

የሚያሳስተው፦ ቤንዲጎ ከተማዋ እስከ 1891 በይፋ ሳንድኸርስት ስለምትባል ስትፈልጉ ክለቡና ከተማው ይምታቱባችኋል። ኦቨንስ ላይ የሁለቱንም ቅኝ ግዛት ጋዜጣ ማየት ግድ ነው።

ስለ ወርቅና ስለ ከተማ ፉክክር ከሆነ ቤንዲጎ፣ ድንበርና ፖለቲካ የሚስባችሁ ደግሞ ኦቨንስ ኤንድ መሪን ጀምሩ።