ኪው ሲሄዱ «አቢሲኒያ» ብለው ይፈልጉ፦ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አገልግሎት

በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠመንጃ ያነሱትን እናውቃቸዋለን። በወረቀት የተሟገቱትን ግን ዘንግተናቸዋል። ሰኔ 23 ቀን 1928 ጃንሆይ ጄኔቭ ላይ ያሰሙትን ንግግር በማርቀቅ የተሳተፉት፣ ኋላም በስውር ጎጃም ገብተው ከአርበኞች ጋር የመከሩት ሎሬንሶ ታዕዛዝ፤ በለንደን ሚኒስትራችን የነበሩት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፤ በስደት ባዝ ላይ ያረፉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ። የእነዚህን ሰዎች ዱካ ለሚፈልግ፣ ለንደን ኪው ሰፈር የሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድካሙን ይክሳል።

ንባቡ በነጻ ነው። የአንባቢ ካርድ ለማውጣት ስም የሚያሳይ አንድ ማስረጃ፣ አድራሻ የሚያሳይ ሌላ ያስፈልጋል። ፓስፖርት ብቻውን አይበቃም። ወደ ንባብ ክፍሉ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይገባም። እሑድና ሰኞ ዝግ ነው። ያለ ፍላሽ በስልክ ፎቶ ማንሳት ያለ ክፍያ መፈቀዱ ትልቁ በጎነቱ ነው፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ሲገለብጥ አይውልም።

አስቸጋሪው ፍለጋው ነው። የውጭ ጉዳይ ሰነዶቹ «ኤፍ ኦ 371» በሚባለው ክፍል ናቸው። የኮምፒውተር ካታሎጉ የአቃፊውን አጭር ርዕስ እንጂ ውስጡ ያለውን ሰው ስም አያሳይም፤ አገሪቱም የተመዘገበችው «አቢሲኒያ» ተብላ ነው። ስለዚህ ከ1920 እስከ 1951 (እ.ኤ.አ.) ያለውን የታተመ የስም ማውጫ ያስወጡ። ሐኪም ወርቅነህን «ማርቲን» በሚለው ስማቸው ይፈልጉ፤ ለኅሩይ ሁለት ሦስት አጻጻፍ ይሞክሩ። ማውጫው ላይ የሚያገኙት ቁጥር ማዘዣ አይደለም። በ«ጄ» (J) ጀምሮ የመጨረሻው ክፍሉ 1 ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የአቢሲኒያ ነው፤ ከዚያ ወደ «ኤፍ ኦ 371» ቁጥር መቀየር አለበት። ማውጫው ላይ ስሙ ኖሮ ወረቀቱ የሚጠፋበትም ጊዜ አለ፤ የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ራሱ መርጦ ያስወገደው ብዙ ነውና።

አቃፊው ሲመጣ ከደብዳቤው በፊት ሽፋኑን ያንብቡ። ሹማምንቱ አንዱ ከሌላው ሥር አስተያየታቸውን በእጅ ጽፈው፣ ፊርማና ቀን እያኖሩ ያሳለፉት እዚያ ላይ ነው። ጥያቄያችን ስንት ጠረጴዛ እንደዞረ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው የ1938ን (እ.ኤ.አ.) አቃፊዎች ያስቀድም። የፖስታ፣ ቴሌግራፍና ስልክ መሥሪያ ቤታችን ኬብል ኤንድ ዋየርለስ ከተባለው የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ጋር በገባው ውል ይከፈለን የተባለው ከ10,600 ፓውንድ በላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። በመጀመሪያ ለጃንሆይ ተፈረደ። ይግባኙ ሳያልቅ እንግሊዝ በኖቬምበር ለጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥትነት እውቅና ሰጠች፤ ገንዘቡን የመጠየቅ መብትም ከእጃችን ወጣ።