ርካሹ ጥቁር ቦክስ ወይስ ኦርጅናል ስቲክ? ቤቱ ተከታታይ ፊልምና ዶክመንተሪ ለሚያይ ሰው

«ቤት ውስጥ ተከታታይ ፊልም ለማየት የቱን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ሲመጣ አብሮት የሚላከው ፎቶ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ካርቶኑ ላይ «8ኬ፣ 5ጂ፣ 8 ጊጋ ራም፣ 128 ጊጋ» የተጻፈበት፣ ቲቪ ላይ ተሰክቶ በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳይ ጥቁር የአንድሮይድ ቦክስ። መልሱን ቀድሜ ልናገር፤ አትግዙት። በዚያው ብር ወይም ትንሽ ጨምራችሁ ጉግል ያረጋገጠውን ስቲክ (ያንኑ ሥራ የሚሠራ፣ ቲቪው ኤችዲኤምአይ ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ) ግዙ፣ ያገለገለም ቢሆን።

ሰው የሚሸወደው ዋጋው ላይ ነው። ኤምኤክስኪው ፕሮ፣ ቲ95 እና መሰሎቻቸው የሚባሉት ጥቁር ቦክሶች በውጭ ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዶላር ይሸጣሉ። ኦርጅናሎቹስ? የአሜሪካው ሱቅ ዎልማርት የሚሸጠው ኦን 4ኬ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ 19.88 ዶላር ነበር። በ2025 የመጣው ኦን 4ኬ ፕላስ 29.88፣ የጉግል ክሮምካስት ኤችዲው በ2022 29.99፣ 4ኬው ደግሞ በ2020 49.99 ዶላር። ስለዚህ «ኦርጅናል ውድ ነው» የሚባለው ሱቅ ውስጥ እውነት ሊሆን ይችላል፣ መነሻው ላይ ግን አይደለም። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ኪስ ውስጥ የሚገባ ዕቃ ነው የሚያስመጣው። አደራ፣ አዳፕተሩ ላይ «100-240 ቮልት» መጻፉን አስቀድመው ያንብቡላችሁ። «120 ቮልት» ብቻ ካለው እዚህ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል። ለማንኛውም ጥሩ የስልክ ቻርጀር ይተካዋል።

ቦክሱ ግን ለምን አይሆንም? ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ አይደለም። ኔትፍሊክስ ላላረጋገጠው ዕቃ ከ480ፒ በላይ ጥራት አይለቅም። ዋይድቫይን የሚባለው የቪዲዮ መቆለፊያ ኤል1 (ኤችዲና 4ኬ የሚያስከፍተው) እና ኤል3 (ዝቅተኛው) የሚባሉ ደረጃዎች አሉት፤ ርካሾቹ ቦክሶች ብዙውን ጊዜ ኤል3 ላይ ናቸው። 4ኬ ቲቪ ገዝታችሁ፣ ውዱን ፓኬጅ ከፍላችሁ፣ ፈጣን ኢንተርኔት አስገብታችሁም ስክሪኑ ላይ የሚመጣው የደበዘዘ ምስል ነው። ቅንብር በመነካካት አይስተካከልም።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ መከራከሪያ አለ፦ «እኔ በሞባይል ዳታ ነው የማየው፣ ኤችዲ ምን ያደርግልኛል?» ሒሳቡ ይህን ይመስላል። ኔትፍሊክስ በኤችዲ በሰዓት እስከ 3 ጊጋ፣ በመካከለኛ ጥራት 0.7 ጊጋ ገደማ፣ በዝቅተኛው 0.3 ጊጋ ገደማ ይበላል። 4ኬ እስከ 7 ጊጋ ይደርሳል። ባለ 50 ደቂቃ 10 ክፍል ያለው አንድ ምዕራፍ 8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው፤ በኤችዲ 25 ጊጋ፣ በመካከለኛው 6 ጊጋ አይሞላም። ጥራቱን የምትቀንሱት ቲቪው ላይ ሳይሆን በስልክ ብሮውዘር ገብታችሁ አካውንታችሁ ውስጥ ነው፤ ለየፕሮፋይሉ ለብቻው ይስተካከላል። ባለገመድ ኢንተርኔት በፍጥነት የምትከፍሉ ከሆነ ግን ቁጠባው አያስፈልጋችሁም፤ ለ1080ፒ (ሙሉ ኤችዲ) በሰከንድ 5 ሜጋቢት በቂ ነው።

ታዲያ በመካከለኛ ጥራት ለሚያይ ሰው ቦክሱ አይበቃም ወይ? አይበቃም፤ ምክንያቱም የሚጫንበት ለቲቪ የተሠራው ሳይሆን የስልኩ ኔትፍሊክስ ነው። የስልኩ መተግበሪያ በጣት እንዲነካ ነው የተሠራው። ሪሞቱ ላይ የመዳፊት ምልክት ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ቀስቷን እየገፋችሁ ነው የሚቀጥለውን ክፍል የምትከፍቱት። መተግበሪያው በታደሰ ቁጥር ደግሞ «ይህ ዕቃ አይደገፍም» ብሎ ሊዘጋ ይችላል።

የካርቶኑ ቁጥርም ለብቻው ጉድ ነው። «8 ጊጋ ራም» የሚለው ተከፍቶ ሲታይ ብዙ ጊዜ 1 ጊጋ ነው፣ «128» የሚለው 8 ጊጋ ነው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ብታዩ የውሸቱን ቁጥር ነው የሚያሳያችሁ፤ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲዋሽ ተደርጓል። የሚያጋልጠው መንገድ አንድ ነው። 10 ጊጋ የሚሆን ፊልም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወደ ቦክሱ ገልብጡት፣ መጨረሻው አካባቢ ወስዳችሁ ክፈቱት፤ ካልተገለበጠ ወይም ካልተከፈተ ቁጥሩ ውሸት ነው። ፍላሹ በኤክስፋት ወይም በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት የተደረገ ይሁን፤ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል ስለማይቀበል የቦክሱ ጥፋት ይመስላችኋል። «5ጂ» የሚለው ደግሞ ቢበዛ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ነው፤ ከውስጥ 2.4 ብቻ የሚይዝ ኤስኤስቪ6051 የሚባል ደካማ ቺፕ የሚገኝባቸው ብዙ ናቸው።

ሌላው ቫይረስ ነው። ቲ95 ላይ ከፋብሪካው የተጫነ ተንኮል አዘል ሶፍትዌር በ2023 ተገኝቷል። በ2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለተባለው ተመሳሳይ ነገር ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ቦክስ የቤታችሁን ኢንተርኔት ሳታውቁት ለሌላ ሰው ያከራያል። ዳታ በምትገዙበት ቤት ይህ ማለት ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። «ሁሉም ቻናል ዕድሜ ልክ በነጻ» ተብሎ ከተጫነ ዝርዝር ጋር የሚሸጥላችሁ ሰው ደግሞ ሰርቨሩ ሲዘጋ «ማደሻ» ብሎ እንደገና ያስከፍላችኋል።

ጥገናውም አያዋጣም። መጀመሪያ የሚሞተው አዳፕተሩ ነው። ቦክሱ አርማው ላይ እየደረሰ የሚመለስ ከሆነ ከመክፈታችሁ በፊት አዳፕተሩን እንደተሰካ በቴስተር ለኩት፤ ባዶውን 5 ቮልት አሳይቶ ጭነት ሲያገኝ ወደ 4.5 ከወረደ ውስጡ ያለው ኮንደንሰር አብጦ ሊሆን ይችላል። አዳፕተሩ ደህና ከሆነ ሶፍትዌሩ ተበላሽቶ ይሆናል። ብዙዎቹ የኤቪ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ አላቸው፤ በጥርስ መጎርጎሪያ ተጭናችሁ ይዛችሁ መብራቱን ስትሰኩ ማስተካከያው ይከፈታል። ካልሆነ ሶፍትዌር ማስጫን ነው። ባለሙያው በካርቶኑ ስም ፈልጎ ከጫነው ዋይፋዩ ወይም ሪሞቱ ይጠፋል፤ ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ነው የሚታየው። የሠራተኛው ዋጋ የቦክሱን ግማሽ ከነካ ተዉት።

ለፍትሕ ያህል፣ ቦክሱ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ። ቲቪያችሁ ኤችዲኤምአይ የሌለው፣ ቢጫ ቀይ ነጭ ገመድ ብቻ የሚቀበል አሮጌ ከሆነና የምታዩት ከፍላሽ ከሆነ ቦክሱ ይሠራል። ስቲክ በመቀየሪያ ልሰካ ብትሉ ኔትፍሊክስ ጥቁር ስክሪን ሊያሳያችሁ ይችላል። ፍላሽም ኔትፍሊክስም ከፈለጋችሁ ግን ኦን 4ኬ ፕሮ አለ፤ በ2024 በ49.88 ዶላር የወጣ፣ የፍላሽም የኢንተርኔት ገመድም ቀዳዳ ያለው። የሻኦሚው ቲቪ ቦክስ ኤስም የፍላሽ ቀዳዳ አለው፤ ለቻይና ገበያ የተሠራው ሻኦሚ ግን ኦርጅናል ቢሆንም ፕሌይ ስቶር የለውም፣ ምናሌው ቻይንኛ ከሆነ መልሱት።

ሱቅ ስትሄዱ የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱና ዕቃውን አገናኙት። ፕሌይ ስቶር ውስጥ ኔትፍሊክስን ፈልጉ፤ ካልመጣ ወይም «ለዚህ ዕቃ አይሆንም» ካለ አለቀ። ከመጣም የዋይድቫይንን ደረጃ የሚያሳየውን ዲአርኤም ኢንፎ የሚባል ትንሽ መተግበሪያ ጭናችሁ ኤል1 ማለቱን እዩ። ሻጩ «ቤት ሄዳችሁ ይስተካከላል» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። «አንድሮይድ» የሚል የተለጠፈበት ርካሽ ስማርት ቲቪም በዚሁ ፈተና ይለፍ።

ዶክመንተሪ ብቻ ለምታዩ፣ ዶይቸ ቬለና አልጀዚራ በእንግሊዝኛ ሙሉ ዶክመንተሪዎቻቸውን ዩቲዩብ ላይ በነጻ ይለቃሉ። ለዚህ 2 ጊጋ ራም ያለው ርካሹ ኦን ይበቃል፤ በ2024 በ99.99 ዶላር የወጣውን የጉግል ቲቪ ስትሪመር መግዛት ብር ማባከን ነው።

ስቲኩን ከቲቪው የዩኤስቢ ቀዳዳ መብራት አታብሉት። ብዙዎቹ ቀዳዳዎች 0.5 አምፒር ነው የሚሰጡት፤ ስቲኩ 1 አምፒር ይፈልጋል፣ ፊልሙ መሀል ላይ ራሱን ያጠፋል፣ ሰውም «ኮፒ ሸጡልኝ» ይላል። በቻርጀር፣ ቻርጀሩንም በስታቢላይዘር ስኩት። ከካርቶኑ ውስጥ አጭር የኤችዲኤምአይ ማራዘሚያ ካለ ተጠቀሙበት፤ ከቲቪው ጀርባ ሲርቅ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ዋይፋዩም ይሻሻላል። ዋይፋይ ተገናኝቶ ምንም አልከፍት ካለ ደግሞ ቀኑንና ሰዓቱን እዩ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሆናል።

ያገለገለ ክሮምካስት ስትገዙ ሪሞቱ አብሮ መኖሩንና የቀድሞው ሰው አካውንት መጥፋቱን እዚያው አረጋግጡ፤ ሪሞቱን ለብቻው መግዛት የተረፈውን ልዩነት ይበላዋል።