የአባቴን ትራክተር ወደ ማሳው ለመለሱት ሐጂ

በሰኔ አጋማሽ ጎረቤቶቻችን ለጤፍ መሬታቸውን ደግመው ሲያርሱ፣ የእኛ ትራክተር ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ቦርከና አጠገብ ባለው ማሳችን ዳር ቆሞ ነበር። ማሲ ፈርጉሰን 35 ነው፤ ቀዩ፣ ባለ አራት ሲሊንደሩ፣ በቤንዚን የሚሠራው። አባቴ ሲገዛውም አሮጌ ነበር፤ እኔንና ወንድሞቼን ያስተማረን ግን እሱ ነው።

ሕመሙ እንዲህ ነበር። ቆሞ ሲሠራ ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ ምንም እንከን አይሰማበትም። ማረሻው አፈር ሲነክስ ግን መቆራረጥና መንገጫገጭ ይጀምራል፤ በጭስ ማውጫው ይተኩሳል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። ጤዛ በወረደበት ጠዋት ደግሞ ይብስበታል።

ሁለት ጋራዥ አሳየነው፤ አንዱ ጋ በጭነት መኪና ጭነን፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ድረስ ነው የሄድነው። አንደኛው አራቱንም ካንዴላ፣ ማለትም ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን፣ ቀየረ። ሌላው ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ፈትቶ አጠበና አዲስ ባትሪ አስገዛን። ገንዘቡ ሄደ፣ ሕመሙ ቀረ። አልፈርድባቸውም፤ ዛሬ በእጃቸው የሚያልፈው ትራክተር አብዛኛው የናፍጣ ነው፤ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም፣ ነዳጁ የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ነው። በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚነሳን አሮጌ ሞተር የሚያውቅ እጅ ማግኘት ከባድ ሆኗል።

መካኒኩን ሐጂን የጠቆመን የውሃ ፓምፕ የሚያሠራ አንድ የሽንኩርት ገበሬ ነው። ሐጂ እንደ መጡ ቁልፍ አላነሱም። መጀመሪያ ጠየቁ፦ ሲበርድ ነው ሲሞቅ? ባዶውን ነው ሥራ ላይ? ዝናብ ሲዘንብስ? ከዚያ ቤንዚኑን በብርጭቆ ቀድተው፣ ውሃ ከሥሩ ይዘቅጥ እንደሆነ አዩ። ንጹሕ ነበር። ሞተሩን አስነስተው የካንዴላዎቹን ገመድ በላስቲክ በተጠቀለለ ፒንሳ አንድ በአንድ ነቀሉ። እያንዳንዱ ሲነቀል ድምፁ ወረደ፤ አራቱም ይሠራሉ ማለት ነው። «ቆሞ ጤነኛ ነው፤ የሚያመው ሲሠራ ነው፤ እንግዲህ ሲሠራ እናየዋለን» አሉና ወንድሜን ማረሻ አስገጥመው እንዲያርስ አደረጉት። እሳቸው በጭቃው ውስጥ ከኋላ እየተከተሉ ያዳምጣሉ። መቆራረጥ እንደ ጀመረ እጃቸውን አነሱ፤ ሞተሩ እዚያው ጠፋ።

አራቱንም ካንዴላ ነቅለው በረድፍ ጨርቅ ላይ ደረደሩልኝ። ሦስቱ ደረቅ፣ ቡናማ። ሦስተኛው በቤንዚን ርሶ ጠቁሯል። ከአንደኛው ጋር አቀያይረው እንደገና አሳረሱ፤ አሁንም የረሰው ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ያለው ነው። ጥፋቱ የካንዴላው አልነበረም። አውራ ጣታቸውን ቀዳዳው ላይ ደፍነው ሞተሩን አዞሩት፤ ግፊቱ ጣታቸውን አስፈንጥሮ አነሳው። የፒስተኑና የቫልቩም አይደለም።

ብልጭታውን ለአራቱም ካንዴላ በየተራ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ፈትተው በጨርቅ ወለወሉና ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ከሦስተኛው ገመድ መሰኪያ ተነሥታ እስከ ክዳኑ ጠርዝ የወረደች፣ በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ነበረች። «በጥፍርህ ዳስሳት፣ ልጄ» አሉኝ። ዳሰስኳት፤ ስንጥቅ ነች። ብልጭታው በእሷ በኩል ወደ ብረቱ ያመልጥ ነበር። ሥራ ሲከብድ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፣ ብልጭታውም በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት መዝለል ይከብደዋል። «ውሃ ቁልቁለት እያለለት ዳገት ይወጣል?» አሉ። ጠዋት ጠዋት ለምን ይብስ እንደ ነበርም ያኔ ገባኝ፤ ጤዛው ስንጥቋን ያረጥባታል።

ይህ ትራክተር በቀይ ቀለም መውጣት የጀመረው በፈረንጆች 1957 ነው፤ ክዳኑን የት እናገኛለን ብዬ ስጨነቅ «አብሽር» ብለው ከዕቃ ሳጥናቸው ከሌላ ሞተር ያስቀሩትን አወጡ። ገመዶቹን ሲሊንደሮቹ በሚቀጣጠሉበት በ1፣ 3፣ 4፣ 2 ተራ መልሰው ሰኩ፤ ተራውንም ወንድሜን በቃሉ አስያዙት። ያን ዕለት እስኪመሽ አረስን፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተቆራረጠም።

የጠየቁን ክፍያ ለባትሪው ብቻ ካወጣነው ያነሰ ነበር። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነው፤ ጥፋቱን በዓይናቸው ሳያዩ አንድም ዕቃ አላስገዙንም፣ ያገኙትንም ደብቀው አልያዙም። ሐጂ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። አባቴም ምርቃቱን ልኮልዎታል።

የቤንዚን ትራክተር፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ጀነሬተር አስቸግሯችሁ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በሐርቡ ዙሪያ ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ፤ ስልካቸው በአደባባይ እንዲጻፍ አልፈለጉም። ማሽኑ የሚያምበትን ሰዓትና ሁኔታ አስተውላችሁ ጠብቋቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ዓርብ ከሆነ ከጁምዓ በኋላ ደውሉ።