ዝም ያለው ዓለም፦ ካሙ ወይስ ኔግል?

ፀሐይ ከ5 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነዳጇን ትጨርሳለች፤ ስለ እኛ ግድ የላትም። ታዲያ ኑሯችን ትርጉም አለው?

ፈረንሳዊው ጸሐፊ አልቤር ካሙ በ1942 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ የትርጉም ማጣት ችግሩ ያለው በሰውና በዓለም መካከል ነው፦ ሰው «ለምን?» ብሎ ይጣራል፣ ዓለም አይመልስም። ራስን ማጥፋትንም ሆነ በእምነት መጠለልን አልተቀበለም። ዝምታውን እያዩ፣ በእምቢታ መኖር ነው መልሱ።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶማስ ኔግል በ1971 እ.ኤ.አ. ችግሩን ወደ ውስጣችን አመጣው። ኑሯችንን ከልብ እንይዘዋለን፤ ከራሳችን ወጥተን ከሩቅ ስናየው ግን ሁሉም ያጠራጥራል። ጥንካሬው ያለው «ኑሮ ትርጉም የለውም» ለማለት የሚሰጡትን የተለመዱ ሰበቦች አንድ በአንድ ሲፈትሽ ነው። «ከሚሊዮን ዓመት በኋላ የዛሬ ሥራዬ ዋጋ የለውም» ካላችሁ፣ በዚያው ሚዛን ያኔ የሚሆነውም ዛሬ ዋጋ የለውም። ትንሽነታችንም ምክንያት አይሆንም፤ ህዋውን የምንሞላ ግዙፎች ብንሆን ጥያቄው መቼ ይቀርልናል? ለሥራችን ሁሉ የመጨረሻ ምክንያት ያስፈልጋል ማለትም አያስኬድም፦ ራሱን ያመመው ሰው አስፕሪን ለመዋጥ ሕመሙ ይበቃዋል፤ ሌላ ምክንያት ከሰማይ አይጠብቅም።

እኔ ወደ ኔግል አደላለሁ። የካሙ እምቢታ ሐዘን ላይ ላለ ሰው ጉልበት ይሆናል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን እምቢ የሚባለው አካል የለም። ኔግል ጀግንነትም ተስፋ መቁረጥም አያስፈልግም ያለው፣ ምንም ነገር ዋጋ ከሌለው ያ ራሱም ዋጋ ስለማይኖረው ነው።