ለጅማ ሳሎን የሚስማማው ቴሌቪዥን፦ ሳምሰንግ፣ ኤልጂ፣ ቲሲኤልና ሃይሴንስ ሲነጻጸሩ

በጅማ መርካቶ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ቴሌቪዥኖች ሁሉም ያማሩ ይመስላሉ፤ ብርሃናቸውና ቀለማቸው እስከ መጨረሻው ከፍ ተደርጎ፣ ፋብሪካው ለማስታወቂያ ያዘጋጀውን ቪዲዮ ስለሚያሳዩ ነው። ገዢው ቤቱ ወስዶ የሚያየው ግን በዲሽ የሚገቡ ጣቢያዎችን፣ በፍላሽ የተጫነ ፊልምንና ዩቲዩብን ነው። አራቱን ስሞች ያወዳደርኩትም በዚሁ መለኪያ ሲሆን፣ ትኩረቴ ለሳሎን በሚፈለጉት ከ43 እስከ 55 ኢንች ባሉት ላይ ነው።

ሻጮች አስቀድመው የሚጠሩት ፎርኬ የሚለውን ነው። ፎርኬ ስክሪን 3840 በ2160፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስሎች (ጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች) ሲኖሩት፣ ፉል ኤችዲ ደግሞ 1920 በ1080፣ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ አሉት። ልዩነቱ አራት እጥፍ ቢሆንም፣ ባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲን ከ1.7 ሜትር፣ ባለ 55 ኢንቹን ደግሞ ከ2.2 ሜትር ገደማ አልፎ የተቀመጠ ጤናማ ዓይን ያለው ሰው ፒክስሎቹን ለይቶ ማየት ይሳነዋል። ሶፋው ከዚያ ርቆ በተቀመጠበት ቤት ፎርኬ ብቻውን ብዙ አይጨምርም። በዚያ ላይ በዲሽ የምንከታተላቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚተላለፉት በመደበኛ ጥራት ወይም በኤችዲ ስለሆነ፣ የጎደለውን ፒክስል አስልቶ የሚሞላው ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው። በዚህ ሥራ ሳምሰንግንና ኤልጂን አስቀድማለሁ፤ የዜና አንባቢውን ፊትና ከታች የሚያልፈውን ጽሑፍ ሳያጋንኑ ያጠሩታል። ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው የቲሲኤልና የሃይሴንስ ሞዴሎች ግን የምስሉን ጠርዝ ከመጠን በላይ ስለሚያጎሉት ምስሉ ድርቅ ያለ ይሆናል። ካርቶኑ ላይ ፎርኬ የሚል የተለጠፈባቸውን፣ ስማቸው የማይታወቅ ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥኖች በተመለከተ፣ ብዙውን ጊዜ የስክሪናቸው ጥራት 1366 በ768 ብቻ መሆኑን ገዢ ሊያውቅ ይገባል።

ከፎርኬ ይልቅ በጥብቅ መጠየቅ ያለበት የፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ ዓይነት ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን ሱቅ ውስጥ የሚነሳ ወሬ እምብዛም የለም። ቪኤ የሚባለው ፓነል ጥቁሩን ጥቁር አድርጎ ያሳያል፤ ነጩ ከጥቁሩ 3,000 እጥፍና ከዚያም በላይ ይደምቃል። በአይፒኤስ ፓነል ይህ ልዩነት 1,000 እጥፍ አካባቢ ስለሆነ፣ መብራት ጠፍቶ ፊልም ሲታይ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል። ይሁን እንጂ ቪኤን ከጎን ሆኖ የሚመለከት ሰው ቀለሙ ደብዝዞ ያየዋል፣ አይፒኤስ ግን ከጎንም ቢታይ ብዙም አይለወጥም። በእኛ ሳሎን ሶፋው ሦስቱን ግድግዳ ተከትሎ ስለሚደረደር፣ ቡና ሲፈላ ጎረቤትም ሲሰበሰብ ፊት ለፊት የሚቀመጠው ጥቂት ሰው ነው። ስለዚህ እንግዳ ለሚበዛበት ቤት የምመርጠው አይፒኤስ ፓነል ያለውን ነው፤ በመካከለኛ ዋጋ ከሚሸጡት መካከል ይህን ፓነል አዘውትሮ የሚጠቀመው ኤልጂ ነው። ቲሲኤል ፓነሉን የሚያገኘው በአብዛኛው ከራሱ እህት ኩባንያ ሲሆን፣ ወደ ቪኤ ያደላል፤ ማታ ማታ ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሚያዩ ባልና ሚስት በዋጋው የሚወዳደረው አላገኘሁም። አንድ ኩባንያ በተለያየ መጠን የተለያየ ፓነል ስለሚያስገባ፣ ስሙን ብቻ ከማመን ይልቅ ሱቁ ውስጥ ወደ ጎን ሄዶ ማየት ይበጃል።

ሁለቱንም ጥቅም አጣምሮ የያዘው ኦሌድ ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ ስለሚበራና ስለሚጠፋ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው፣ ከጎንም ቢታይ አይደበዝዝም። ኤልጂ ባለ 55 ኢንች ኦሌድ ለገበያ ያቀረበው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ዋጋው ከፍ ያለ ከመሆኑም ሌላ፣ አንድ የዜና ጣቢያ ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶ በሚውልበት ቤት የጣቢያው አርማ በስክሪኑ ላይ ቋሚ ጥላ ሊተው ስለሚችል፣ ለእንዲህ ዓይነት ቤት አልመክረውም። ሳምሰንግ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪውሌድ ብሎ የሚሸጠው ከኋላው መብራት ያለው ስክሪን ሲሆን፣ ብልጫው በቀለሙ ነው።

በተጨማሪ አገልግሎቶች በኩል ቴሌቪዥኑን የሚያሠሩት ሶፍትዌሮች፣ የሳምሰንግ ታይዘንና የኤልጂ ዌብኦኤስ፣ ፈጣኖች ናቸው፤ አፕሊኬሽን በብዛት ለሚፈልግ ግን ጉግል ቲቪ የተባለው ሶፍትዌር ያለው ቲሲኤል ይሻላል። የፊልሙን ብርሃንና ቀለም የሚያሻሽለውን ዶልቢ ቪዥን ሳምሰንግ አይቀበልም፣ ኤልጂ ይቀበላል፤ ይሁንና ብርሃናቸው ደካማ በሆነ ርካሽ ሞዴሎች ላይ ልዩነቱ አይታይም። ከዚህ የሚበልጠው የፍላሽ ጉዳይ ነው። ሳምሰንግ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዲቲኤስ የተባለውን የድምፅ ዓይነት ከቴሌቪዥኖቹ ስላስወጣ፣ በዚህ ድምፅ የተቀዳ ፊልም ምስሉ እየታየ ድምፁ አይሰማም። ፊልም በፍላሽ የሚያስጭን ሰው የራሱን ፍላሽ ይዞ ሄዶ ሳይከፍል ይሞክር።

የመብራቱ ነገርም አለ። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ የኃይል ማነስ ብዙም አይጎዳቸውም፤ የሚጎዳቸው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ጭማሪ ነው፣ ለዚህም ጥሩ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል። ዝናቡ ረጅም ወራት በሚዘልቅበት በጅማ መብረቅ በዲሹ ገመድ በኩል ሊገባ ስለሚችል፣ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሶኬቱን ብቻ ሳይሆን የዲሹንም ገመድ መንቀል ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ ቤት እንደገባ ደግሞ ከሱቅ ማሳያው ሁኔታ አውጥቶ የባክላይቱን፣ ማለትም ከስክሪኑ ኋላ ያለውን መብራት፣ ብርሃን መቀነስ ተገቢ ነው፤ ቀድሞ የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ እሱ ሲሆን፣ እሱን ጠጋኝ ሊቀይረው ይችላል፤ ፓነሉ ከተሰበረ ግን የጥገናው ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ብዙም አያንስም።