ባሕር ዳር የወለድኩበት ጤና ጣቢያ

የእርግዝና ክትትሌን ያደረግኩት ሰፈራችን ባለው የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ ለክትትሉም ለወሊዱም ሳንቲም አልከፈልኩም። ሦስት ወር ሳይሞላኝ ነው የጀመርኩት፤ እናንተም አትዘግዩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንኳ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ ትታይ ይላል። በየቀጠሮው ግፊቴን ይለኩኛል፣ ሽንት ይመረመራል፣ የአይረን ኪኒን ይሰጡኛል።

ወረፋው ግን ያማርራል! ጠዋት 2 ሰዓት ደርሼ 6 ሰዓት የወጣሁበት ቀን አለ፣ ያውም በዚያ በሚያዝያ ሙቀት፣ እግሬ አብጦ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ። አልትራሳውንዱም ሁለቴ ተበላሽቷል ተብዬ በራሴ ገንዘብ የግል ክሊኒክ ሄጃለሁ።

አዋላጇን ግን እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ እንደወጣ በደረቅ ጨርቅ ጠራርጋ፣ እርጥቡን ጨርቅ አስወግዳ፣ ራቁቱን ደረቴ ላይ አስተኛችውና ሁለታችንንም ሸፈነችን። አንድ ሰዓት ሳይሞላ እንገሩን ጠባ። እናቴ ቶሎ ይታጠብ ስትል፣ «እማማ፣ ይበርደዋል እኮ፤ 24 ሰዓት ይቆይ፣ ነገ ያጥቡታል» አለቻት ቀስ ብላ። እትብቱ ላይም ቅቤ እንዳናደርግ ነገረችን። ቅቤው ለገንፎው ሆነ፤ እዚያው አልጋዬ ላይ ትኩሱን በላሁ። ሁለተኛዬንም እዚያው ነው የምወልደው።