የሕዝብ ቆጠራ ወይስ ኑዛዜ? ከ1850 በፊት የኖረን አሜሪካዊ ቅድመ አያት ፍለጋ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከፌዴራሉ የሕዝብ ቆጠራ ነው፤ ለማግኘት ይቀላልና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1790 እስከ 1840 በስም የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር። ሚስትና ልጆች በዕድሜና በጾታ አምድ ውስጥ ቁጥር ሆነው ቀርተዋል። ነፃ ሰው ሁሉ በየስሙ የተመዘገበው በ1850 ነው።

ኑዛዜ ግን ዝምድናውን ራሱን ይናገራል። «ለልጄ ለሜሪ፣ ለጆን ሚስት፣ አንዲት ላም» የሚል ዓይነት መስመር ልጅቷንም ባሏንም በአንዴ ያስገኛል። አብሮት የሚገኘው የንብረት ዝርዝር ድስቱንና ማረሻውን ሳይቀር ይቆጥራል። ልብ የሚሰብረው፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችም እዚያው ከከብቱ ጎን በዋጋ ተተምነው መገኘታቸው ነው። ሆኖም የ1850 እና የ1860 የባሪያዎች ቆጠራ ስማቸውን በአብዛኛው ስላልጻፈ፣ ለብዙ ጥቁር አሜሪካውያን የቅድመ አያታቸው ስም የሚገኘው በዚያ ገጽ ላይ ነው።

ድሃ ብዙም አይናዘዝም፤ በቨርጂኒያም ኑዛዜ የሚቀመጥባቸው በርካታ የካውንቲ (ከክፍለ ግዛት በታች ያለ የአስተዳደር አካባቢ) ፍርድ ቤት መዝገቦች ተቃጥለዋል። እንደዚያም ሆኖ እኔ ኑዛዜውን እመርጣለሁ፤ ቆጠራው ካውንቲውን ይጠቁመኝ፣ ይበቃል። በሁለቱም ግን ከስም ቀጥሎ የሚጻፈውን «ጁኒየር» (ታናሹ) የሚለውን ቃል ተጠንቀቁ፤ ሁልጊዜ የአባቱን ስም የወረሰ ልጅ ማለት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ዝምድና የሌላቸውን ሁለት የአንድ አካባቢ ሞክሼዎች ለመለየትም ይጻፍ ነበር።